የወርቅ ጫማና የተረከዝ ሽጉጥ፦ ሴት ገጸ ባሕርያት በቪዲዮ ጌም

በአክሱም ትውፊት የዮዲት መከራ የሚጀምረው በጫማ ነው። ከነገሥታት ወገን የተወለደች መልከ መልካም ሴት ድህነት ገፍቷት ገላዋን እስከ መሸጥ ትደርሳለች። አንድ ዲያቆን በፍቅሯ ይነደፋል። የወርቅ ጫማ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ያሠራላታል። ነገሩ ሲታወቅ ቅጣቱ በእሷ ገላ ላይ ያርፋል፤ ጡቷ ይቆረጣል። ተሰድዳ ትሄዳለች፤ ከሻም ንጉሥ ልጅ ጋር ትጋባለች፤ ጦር አስከትላ ተመልሳም አክሱምን ታነድዳለች።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፕላቲነም ጌምስ የተባለ የጃፓን ድርጅት ባዮኔታ የምትባል ጠንቋይ ይዞ ብቅ አለ። ባዮኔታ አራት ሽጉጥ አላት፤ ሁለቱ በእጇ፣ ሁለቱ በጫማዋ ተረከዝ። ገላዋ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ልብስ የራሷ ጠጉር ነው። ትልቅ ጋኔን ስትጠራ ጠጉሯ ከገላዋ ተነሥቶ የጋኔኑ አካል ይሆናል፤ እሷም ለዚያች ቅጽበት ዕርቃኗን ልትቀር ትንሽ ይቀራታል።

ሁለቱም ታሪኮች ኃይለኛ ሴትን የሚነግሩን በገላዋ በኩል ነው። ግን አንድ ዓይነት ታሪኮች ናቸው? ሴት ገጸ ባሕርያት በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚሣሉበት መንገድ ላለፉት 30 ዓመታት ያስነሣው ክርክር ውሎ አድሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ይህ ዳሰሳ ክርክሩን ከምንጩ እስከ ዛሬ ይከተላል። ለዋግ ኽምራና ለአጎራባቹ የአገው ምድር አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በጌም ከተሣሉት ንግሥታት አንዷን ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያው አካባቢ ጋር ሲያያይዟት ኖረዋል።

ከጌም በፊት የነበረው ሥዕል

ስለ ዮዲት የሚታወቀውና የሚተረከው በጣም ይራራቃሉ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዓረብ የጂኦግራፊ ሊቅ ኢብን ሐውቀል፣ የሐበሻን አገር ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት እየገዛች እንደሆነና ሐዳኒ የተባለውን ንጉሥ እንደገደለች ጽፏል። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ደግሞ፣ በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖብያው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው የጭንቅ ደብዳቤ አለ። የበኒ አል-ሐምዊያ ንግሥት አገሩን እያጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እያፈረሰች መሆኗን ይናገራል። ለዘመኗ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ዋናው ይኸው ነው።

የመጣችበት አገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ «ሐምዊያ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ስሕተት የተበላሸ «ዳሞት» ነው ብሎ ወደ ደቡብ ወሰዳት። በ1790 የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው ጄምስ ብሩስ የሰማው ትውፊት ግን የስሜን ፈላሻ ንጉሥ ልጅ፣ የላስታ ጎረቤት የሆነው የቡግና ገዥ ሚስት ያደርጋታል። ቡግና ከሰቆጣ ሩቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1972 ጉዳዩን ራሱን ችሎ ሲመረምሩ በሌላ ስሟ «የጉዲት ችግር» ብለው ነበር የሰየሙት፤ አሰያየሙ ዛሬም ልክ ነው።

ለዚህ ዳሰሳ የሚያስፈልገው ከአገሯ ይልቅ የትውፊቱ አካሄድ ነው። ከቅርብ ምንጮቹ አንዱም ስለ ሴተኛ አዳሪነት፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ጡት አያነሣም። እነዚህ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ሥልጣን የያዘች ሴት እንዴት እዚያ እንደደረሰች ማስረዳት ያስፈለገው ትረካ ማብራሪያውን በገላዋ ውስጥ ፈለገ። ስሟንም «ጉዲት» እና «እሳቶ» አለው።

ሌላው ጫፍ እዚያው አካባቢ ቆሟል። የንጉሥ ላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ በቤተ ክርስቲያን ቅድስት ናት፤ ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው ይነገርላታል። የፓትርያርኮቹ ታሪክ ደግሞ ወንድሟ ጳጳስ እንዲሾም የተሟገተች፣ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት መካከል ብርቱ እጅ የነበራት ሴት አድርጎ ያነሣታል። ትውፊቱ ያቆየልን ግን ቅድስናዋን ነው። እንግዲህ ከአገው ነገሥታት ምድር ጋር የተያያዙ ሁለት ሴቶች አሉን፤ አንዷ ገላ ብቻ፣ ሌላዋ ነፍስ ብቻ ሆነው የቀሩ። የጌም ተቺዎች በሴት ገጸ ባሕርያት ላይ የሚያነሡት የሁለትዮሽ አከፋፈል ከዚህ አይርቅም፤ ወይ ፈታኝ፣ ወይ ንጽሕት፣ መካከሉ ባዶ።

የሳባ ንግሥት ማክዳም አለች። ክብረ ነገሥት ቅመም የበዛበት ምግብ በልታ ሌሊት ውኃ የጠማትን ንግሥትና በመሐላ ያጠመዳትን ሰሎሞንን ይተርካል። ታሪኩ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነበበ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። አልጋው፣ የውኃው ዕቃ፣ የንጉሡ እጅ በየተራ ይታያሉ። በሥዕል የሚተረክ፣ የሴት ገላ መሃል ላይ ያለበት ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመልካች አዲስ ነገር አይደለም።

ገላ እንደ ሽልማት፣ ገላ እንደ ማስታወቂያ

የቪዲዮ ጌም ሴቶች መጀመሪያ የሚታደኑ ዕቃዎች ነበሩ። በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ጦጣው ሴቲቱን ይዞ ይወጣል፤ ተጫዋቹ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ያስጥላል። እሷ ከላይ ሆና እጇን ታወናጭፋለች። ሥራዋ መጠበቅ ነው።

የ1986ቱ ሜትሮይድ ሌላ መንገድ ቀየሰ። ተጫዋቹ ጨዋታውን በሙሉ የሚጫወተው በብረት ልብስ ተሸፍኖ በሚዋጋ ጀግና ነው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሲጨርስ የብረት ራስ ቁሩ ይወልቃል፤ ውስጡ ሳሙስ የምትባል ሴት ናት። ለዘመኑ ትልቅ ድንቅ ነበር። ነገር ግን አንድ ዝርዝር አለ። ፈጥኖ የጨረሰ ተጫዋች ሳሙስን ልብሷ ቀንሶ ያያታል፤ ከዚያም የፈጠነ በዋና ልብስ ያገኛታል። ጀግናዋን ያስከበረው ንድፍ ያው ራሱ ገላዋን የቅልጥፍና ሽልማት አድርጎ አቀረበው። ክብርና ማራቆት በአንድ ቁልፍ ተከፈቱ ማለት ነው፤ የኋላው ክርክር ሁሉ ፍሬው እዚያ ውስጥ አለ።

በ1996 ኮር ዲዛይን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ላራ ክሮፍትን አወጣ። ተመራማሪ፣ ብቸኛ፣ ደፋር፣ ማንንም የማትጠብቅ ሴት ናት። የጊዜው ኮምፒውተር ክብ ነገር መሥራት ስለማይችል ጡቷ ሾጣጣ ነበር፤ ማስታወቂያዎቹ ግን እሱን ነጥለው አጎሉት። ፈጣሪዋ ቶቢ ጋርድ በገበያው አያያዟ ስላልተስማማ ከድርጅቱ ወጣ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ ገጸ ባሕርይዋ በጨዋታው ውስጥ የምትሠራውና ሻጩ በግድግዳ ላይ የሚለጥፈው። ብዙ ክርክር የሚጠፋው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። ላራ በ2013 እንደ አዲስ ስትሠራ ጸሐፊዋ ሪያና ፕራቸት የተባለች ሴት ነበረች፤ ሰውነቷም የተራራ ወጪ ሰው ሰውነት ሆነ። ያኔ ደግሞ ሌላ ቅሬታ መጣ። አዲሷ ላራ በየምዕራፉ ትወጋለች፣ ትወድቃለች፣ ታቃስታለች፤ ወሲባዊ እይታው ቀንሶ የሥቃይ እይታው ጨመረ ያሉ ተቺዎች ነበሩ።

በዚህ መካከል ሳያፍሩ ወደ ሌላው ጫፍ የሄዱም አሉ። «ዴድ ኦር አላይቭ» የተባለው የድብድብ ጌም ሴት ተዋጊዎቹን በ2003 ወደ ባሕር ዳርቻ አውጥቶ በዋና ልብስ መረብ ኳስ አጫወታቸው። በ2012 የወጣው ሎሊፖፕ ቼይንሶው ደግሞ የኳስ ጨዋታ አድማቂ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ የሚነሡ ሙታንን በሞተር መጋዝ ስትከትፍ ያሳያል፤ ከደሙ ጋር ቀስተ ደመናና ልብ ይረጫል።

ግነቱ ምን ይሠራል?

የመጨረሻው ምሳሌ ወደ አንድ ስልት ያስገባናል። ሆን ብሎ የተጋነነ፣ መጋነኑን የሚያውቅ፣ ከቁም ነገር ይልቅ ትርኢትን የሚያስቀድም አሠራር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ካምፕ» ይሉታል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ በ1964 ስለ እሱ ከጻፈች ወዲህ ራሱን የቻለ ርዕስ ሆኗል። የዚህ ስልት ተከራካሪዎች የሚሉት ግልጽ ነው፤ ባዮኔታ እውነተኛ ሴት ናት ብሎ የሚያስብ የለም፣ የሴት ወሲባዊ ሥዕልን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ትርኢት መሆኑን ያጋልጣል።

የአማርኛ አንባቢ ይህን በሰምና ወርቅ ሊያየው ይችላል። ሰሙ የተጣበቀው ልብስ፣ የሚሽከረከረው ካሜራ፣ ከንፈር ላይ ያለው ከረሜላ ነው። ወርቁስ? ደጋፊዎች እንደሚሉት ወርቁ የባዮኔታ ባለቤትነት ነው። የማንም ሚስት፣ የማንም ምርኮኛ አይደለችም፤ ስትታይ መታየቷን ታውቃለች፣ ትዝናናበታለች፣ የሚመለከታትንም ትዘብትበታለች። የሣለቻትም ማሪ ሺማዛኪ የተባለች ሴት ናት፤ ዳይሬክተሩ ሂደኪ ካሚያ ነው።

ተቃዋሚዎች ይህን አይቀበሉም። የእነሱ መነሻ ብሪታንያዊቷ የፊልም ሊቅ ሎራ ማልቪ በ1975 ያቀረበችው ሐሳብ ነው፤ ካሜራው ራሱ ዓይን አለው፣ ዓይኑም አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ዓይን ነው። ገጸ ባሕርይዋ «ደስ ብሎኛል» ብትል ደስታዋን የጻፈላት ሰው አለ። ጨዋታው ውስጥ የለበሰችውን የመረጠችው እሷ አይደለችም፤ መምረጧም ተጽፎላታል።

ክርክሩ በ2014 በአንድ ቁጥር ላይ ታየ። ባዮኔታ 2 ሲወጣ አንዳንድ ታላላቅ መጽሔቶች ሙሉ ነጥብ ሰጡት፤ ፖሊጎን የተባለው ድረ ገጽ ግን የጨዋታውን ጥራት እያደነቀ በወሲባዊ አቀራረቡ ምክንያት ከ10 በ7.5 አቆመው። ተቺው ስለ ካሜራው የጻፈው እንጂ ስለ ልብሱ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ልብስ የገጸ ባሕርይዋ ሊሆን ይችላል። ካሜራው ግን የእሷ አይደለም።

በዚህ ዳሰሳ እይታ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ሚዛኑ ግን በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ነው የሚለካው። ባዮኔታ በትረካዋ ባለቤት ናት፤ የባሕር ዳርቻዎቹ ተጫዋቾች ደግሞ ከመታየት ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ሁለቱን «ወሲባዊ ጌም» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ሥራ ያቀልላል፤ የአንባቢውን ግን አያቀልልም።

ክሱና ማስረጃው

ከ2013 ጀምሮ አኒታ ሳርኪሲያን የተባለች ተቺ በተከታታይ ቪዲዮዎች የሴት ገጸ ባሕርያትን የተለመዱ ሥዕሎች አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ የሚጠለፉ ልዕልቶችን፣ እንደ ጌጥ የተቀመጡ ሴቶችን፣ ለወንዱ ጀግና ቁጣ ሲባል የሚገደሉትን። ምላሹ ከትችት አለፈ። በ2014 «ጌመርጌት» የተባለው ዘመቻ በጌም ዓለም ባሉ ሴቶች ላይ የስድብና የዛቻ ጎርፍ አስነሣ። ሳርኪሲያን በዚያው ዓመት ጥቅምት በአሜሪካ ዩታ ልታደርገው የነበረውን ንግግር በጅምላ ግድያ ዛቻ ምክንያት ሰረዘች። ስለ ሥዕል መነጋገር የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እስኪጥል መድረሱ፣ ጉዳዩ «ጨዋታ ብቻ ነው» ለሚሉት መልስ ይመስላል።

ማስረጃው ግን ከሁለቱም ወገን ጩኸት የተቆጠበ ነው። በ2016 ቴሬሳ ሊንችና ባልደረቦቿ ከ1983 እስከ 2014 በወጡ ጌሞች ውስጥ ያሉ 571 ሴት ገጸ ባሕርያትን መርምረው አሳተሙ። ወሲባዊ አሣሣሉ በ1990ዎቹ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ መውረዱን፣ በድብድብ ጌሞች ውስጥ ከሌሎች ይልቅ መብዛቱን፣ ሴቶች አሁንም ከዋና ይልቅ በረዳት ቦታ እንደሚበዙ አገኙ። «እየባሰ ነው» የሚሉትን ቁጥሩ አይደግፍም፤ «ችግር የለም» የሚሉትንም እንዲሁ።

የተጫዋቹ ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሆናል የሚለው ከዚህ ይከብዳል። በጀርመን 824 ሰዎችን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት (2015) ጌም መጫወትና ሴትን የሚያንቋሽሽ አመለካከት ግንኙነት አላሳዩም አለ። ጥናቱ የለካው ግን ጌም በአጠቃላይ መጫወትን እንጂ ወሲባዊ ጌሞችን ለይቶ አልነበረም። በፈረንሳይ ከ13,000 በላይ ወጣቶች ላይ የተደረገው (2017) ደካማ ግንኙነት አገኘ፤ መንሥኤና ውጤትን ለመለየት ግን አያስችልም። ጄሲ ፎክስና ባልደረቦቿ በ2013 ያደረጉት ሙከራ ለየት ይላል። ሴቶችን ወሲባዊ ልብስ በለበሰ ዲጂታል ገላ ውስጥ አስገቡ፤ ስለ ገላቸው ያላቸው ሐሳብ ጨመረ፤ ፊቱ የራሳቸው ፊት ሲሆን ደግሞ ተደፋሪን ጥፋተኛ የሚያደርጉ አባባሎችን ይበልጥ ወደ መቀበል አዘነበሉ። በ2022 የተለያዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የክሪስቶፈር ፈርገሰንና ባልደረቦቹ ሥራ በበኩሉ አስተማማኝ ጉዳት አልታየም ብሎ ደመደመ።

በእነዚህ ጥናቶች የተጠኑት ሰዎች በአብዛኛው አሜሪካውያን፣ ጀርመናውያን፣ ፈረንሳውያን ናቸው። ነሐሴ ሲመጣ ለሻደይ በዓል ሣር ወገቧ ላይ የምታስር የሰቆጣ ልጅ ከነሱ ጋር አልተቆጠረችም። «ጉዳት የለውም» የሚለውም፣ «ልጆቻችንን አጠፋ» የሚለውም በዚህ ምድር ላይ ገና አልተፈተነም።

ንግሥታቱ በስክሪን ላይ

ኢትዮጵያ በታላላቅ ጌሞች ውስጥ ስትገባ በብዛት በወንድ ነገሥታት ነው። ሲቪላይዜሽን 5 በ2012 ኃይለ ሥላሴን፣ ሲቪላይዜሽን 6 በ2020 ምኒልክን መሪ አድርገው አቀረቡ። ኖብያ ግን በ2017 አማኒቶሬን፣ የመሮዌን ንግሥት፣ አግኝታለች።

ዮዲት የመጣችው በ2015 ነው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የአፍሪካ መንግሥታት በተሰኘው ተጨማሪው ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ሙሉ ዘመቻውን ለእሷ ሰጣት። በስርቆት ተወንጅላ ከአክሱም የምትሰደድ ልዕልት ናት፤ ተጫዋቹ ከስደቷ ጋር ይሄዳል፣ ጋብቻዋን ያያል፣ ከእሷ ጋር ሐውልቶቹ ወደቆሙበት ከተማ ይመለሳል። የትውፊቱ አጥንት እዚያ አለ፤ ግን ባለጉዳዩ ተገልብጧል። ትውፊቱ በተጠቁት ዓይን ይተርካል፤ ጌሙ ተጫዋቹን እሷ ያደርገዋል። አክሱምን የሚያቃጥለው የተጫዋቹ ጣት ነው።

የዚህ ጌም አሠራር ራሱ ለክርክራችን ትምህርት አለው። ሁሉም ነገር ከላይ የሚታይ ነው፤ ሰው የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው፤ የማንም ገላ አይጎላም። ሠራተኞቹ ወንድም ሴትም ሆነው በዕጣ ይወጣሉ፤ እንጨት ሲቆርጡ፣ ወርቅ ሲቆፍሩ፣ ማሳ ሲያለሙ በጉልበት አንዳች ልዩነት የላቸውም። በዋግ ተረተር ላይ ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ እንደሆነ ለሚያውቅ ተጫዋች ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። ሠልጥኖ የሚወጣው ተራ ወታደር ግን ወንድ ነው። ጌሙ የሴትን ገላ ሳያራቁት፣ ለጀግንነት የሚመርጣት ስሟ በታሪክ ሲነሣ ብቻ ነው።

ማክዳ ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ፌት ግራንድ ኦርደር የተባለው የጃፓን የስልክ ጌም የታሪክና የአፈ ታሪክ ሰዎችን ሰብስቦ ተጫዋቹ በዕጣ እንዲያገኛቸው ያደርጋል። የሳባ ንግሥት እዚያ አለች፤ የአውሬ ጆሮ የተተከለባት፣ ልብሷ ገላዋን የሚያሳይ፣ ገንዘብ የምትወድ ነጋዴ ሆና። የጆሮው መነሻ የዓረብ አፈ ታሪክ ነው፤ እናቷን ከጂን ወገን ያደርጋታልና። በክብረ ነገሥት የማክዳ ዋና ነገር ግን ጥበብ ፍለጋዋ ነው፤ ረጅም መንገድ የሄደችው ለመጠየቅ ነው። ጌሙ የተበደረው ከኢትዮጵያው ትረካ ሳይሆን ከዓረቡ ነው፤ ውጤቱም ኢትዮጵያዊ አንባቢ የማያውቃት ማክዳ ናት። ዕጣው ደግሞ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ የገላ አሣሣሉ ለሽያጭ እንደሚያገለግል መካድ አይቻልም።

መዋብና መታየት፦ የሻደይ ጥያቄ

«ወሲባዊነትን መቃወም ውበትን መቃወም ነው» የሚል መከራከሪያ ከጌም ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ይሰማል። በሰቆጣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚውለው ሻደይ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ልጃገረዶች ጠጉራቸውን ይሠራሉ፣ ይኳላሉ፣ ጌጥ ያደርጋሉ፤ ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር ጎንጉነው ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ከበሮ ይዘው በቡድን ቤት ለቤትና አደባባይ እየወጡ ይዘፍናሉ። ሲጨፍሩ ሣሩ ወገባቸው ላይ ይወዛወዛል፤ ዓይን የሚስበውም እሱ ነው። ላሊበላ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል።

በዚህ በዓል ላይ መታየት የለም ብሎ መሟገት አይቻልም። ጎረምሶች ያያሉ፤ ለትዳር የሚታጩም አሉ። እንግዲህ ልዩነቱ የት ነው? ሦስት ነገር ላይ ይመስላል። ልጃገረዶቹ የሚወጡት አንድ ላይ ነው፤ ብቻዋን የምትቆም ገላ የለችም። ድምፁ የእነሱ ነው፤ ዘፈኑን የሚያወጡትና የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፤ ሲያሻቸው ያወድሳሉ፣ ሲያሻቸው ይነካካሉ። ቀኑም ያልቃል፤ ሣሩ ይፈታል፣ ልጅቷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ለገላዋ ብቻ የተሣለች የጌም ገጸ ባሕርይ ሦስቱም የላትም።

ቢሆንም ድንበሩ ጽኑ አይደለም። ዛሬ ሻደይ በስልክ ካሜራ ይቀረጻል፤ አንዲት ልጅ ከቡድኑ ተነጥላ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ በሌላ ሙዚቃ ተተክቶ በቲክቶክ ትዞራለች። ሣሩም ልጅቷም ያው ናቸው፤ ካሜራው ግን ሌላ ሰው ይዞታል። ማልቪ ስለ ሲኒማ፣ ፖሊጎን ስለ ባዮኔታ ያነሡት ነገር ሰቆጣ አደባባይ ላይ ይገናኛል።

ያልተቋጨው

በ2024 የወጣው የኮሪያው ስቴላር ብሌድ ክርክሩን እንደ አዲስ ቀሰቀሰው። አንዳንዶች የዋና ገጸ ባሕርይዋን ገላ ወደ ኋላ መመለስ አሉት፤ ሌሎች ደግሞ ከወጣ በኋላ ጥቂት ልብሶቿ በማስተካከያ መሸፈናቸውን ሳንሱር ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። የሊንች ጥናት ያሳየው መውረድ ይቀጥል እንደሆነ ወይ ሁለት ገበያ እንደሚፈጠር ገና አልታየም። የወንድ ገጸ ባሕርያት ግነትም አልተፈታም። የወንዱ ጡንቻ ለተመልካች ደስታ ነው ወይስ ተጫዋቹ ሊሆን ለሚመኘው ኃይል? ብዙ ተቺዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ሴት ተጫዋቾችም ባዮኔታን በዚያው ምክንያት እንደሚወዱ የሚናገሩ አሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ተግባራዊ ችግር ይጨመራል። ባዮኔታ በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚል ምልክት ተለጥፎባታል። እዚህ ግን ብዙ ጌም ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዛፕያ በተባለ የፋይል ማስተላለፊያ ይተላለፋል፤ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ፋይል ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን የሚያቆም አልነበረም። ምልክቱ ካርቶኑ ላይ ይቀራል፤ ፋይሉ ብቻውን ይመጣል። ስለዚህ «ወላጅ ይቆጣጠር» የሚለው የውጭ መፍትሔ ሰቆጣ ሲደርስ የሚይዘው ነገር የለውም።

ማገድ ብቻውን የትም እንደማያደርስ የሚያሳየው የአገር ውስጥ ሥራ ነው። በብሩክታዊት ጥጋቡ የተመሠረተው ዊዝኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በተሰኘው የካርቱን ተከታታይ ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ ያለዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን ነገር አንሥቷል። ኢታን ኮሚክስ ሐዊ የተባለች ሴት ጀግና ፈጥሯል። ሁለቱም ልብስ በመሸፈን ሳይሆን ለሴቶቹ ጉዳይ በመስጠት ነው የጀመሩት። ሁለቱም ግን ጌም አይደሉም፤ ቅኔ ጌምስ የሠራው ታዋቂው ኩኩሉ ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርይው የምትሮጥ ዶሮ ናት።

ዮዲትን ወይም መስቀል ክብራን በኢትዮጵያዊ እጅ የሚሠራ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ዋግም ላስታም ለዚያ የሚሆን ተራራ፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያንና ትረካ አላቸው። ያ ሰው ንድፉን ከመጀመሩ በፊት ከወርቁ ጫማና ከጡቱ ትውፊት ይልቅ የዮዲትን ዘመን ምስክር አስቀድሞ ያንብብ። ኢብን ሐውቀል አንዲት ሴት ንጉሥ ገድላ አገር እንደምትገዛ፣ ለብዙ ዓመታትም በነጻነት እንደገዛች መዝግቧል። ስለ መልኳ አንድ ቃል አልጻፈም።